ለንደን በዝናብ ቀን፦ ከጣራ ወደ ጣራ የመዘዋወሪያ መመሪያ

ወደ ለንደን ለሚሄድ ሰው ሁሉም አስቀድሞ የሚነግረው የዝናቡን ነገር ነው። በዓመት የሚዘንበው ቢለካ ግን የለንደኑ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባው የዚያ እጥፍ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በአዘናነቡ ላይ ነው። የእኛ ክረምት ዶፉን አውርዶና ጎርፉን ለቅቆ ያባራል፤ መንገደኛውም በአንዱ ሱቅ በረንዳ ተጠልሎ ያሳልፈዋል። የለንደን ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ካፊያ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እኝኝ እንዳለ ሊውል ስለሚችል፣ በረንዳ ላይ ቆሞ እስኪያባራ የሚጠብቅ ጎብኚ ቀኑን እዚያው ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የሚበጀው፣ ማባራቱን መጠበቅም ሆነ ለፀሐያማ ቀን የወጣውን ዕቅድ በግድ መፈጸም ሳይሆን፣ አንድ ሰፈር መርጦ ከጣራ ወደ ጣራ የሚያሻግር መንገድ ማበጀት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለአንድ ሙሉ ቀን የሚሆን ነው፤ ለሁለተኛ ዝናባማ ቀን የሚሆን አማራጭም ተጨምሮበታል። ሰዓቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር የጻፍሁት በየበሩ ተለጥፈው የሚያገኟቸው በዚያው ስለሆነ ነው፤ 10:00 ሲባል ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ 17:00 ሲባል ደግሞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ዓመቶቹም፣ ለይቼ ካልጠቀስሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በመጀመሪያ እግርዎን ያድኑ

ቀኑን ቀድሞ የሚያበላሸው የራስ ሳይሆን የእግር መራስ ነው። ፀጉሩ የረጠበ ሰው ሙዚየም ገብቶ ጥቂት ከቆየ ይደርቃል፤ ካልሲው የረጠበ ሰው ግን እስከ ማታ እየበረደው ይዞራል። ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉም በረጠበ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፤ ሸራ ጫማ ሆቴል ይቅር። አንድ ጥንድ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልለው ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ። ሌላ ባዶ ፌስታልም ይጨምሩ፤ ያልደረቀ ጃንጥላ ከነውኃው ቦርሳ ውስጥ ከገባ ፓስፖርቱንም ስልኩንም ያበላሻልና።

ስለ ጃንጥላ የምናገረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከመንገድ ዳር በርካሽ የገዛሁት ጃንጥላ የዋተርሉን ድልድይ አጋማሽ እንኳ ሳላልፍ ወደ ላይ ተገልብጦ ሽቦዎቹ እንደ ሸረሪት እግር ተንጨፈረሩ፤ ከወንዙ በኩል የሚመጣውን ውሽንፍር አላሰብሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ባለበት ቀን የምተማመነው ኮፍያ ባለው የዝናብ ልብስ ሲሆን፣ ጃንጥላ የምይዘው ዝናቡ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ቀን ብቻ ነው። የዝናብ ልብሱ ስስ ሆኖ ከሥሩ ሹራብ ቢደረብበት ይመረጣል፤ የሙዚየሞቹ ውስጥ ሞቃት ስለሆነ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ የገባ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በክንዱ ተሸክሞት ይዞራል።

በሥራ ቀን ጠዋት የሚወጡ ከሆነ፣ ሜትሮ የተባለው ጋዜጣ በባቡር ጣቢያዎች መግቢያ ላይ በነፃ ተደርድሮ ያገኙታል። ባያነቡት እንኳ አንድ ቅጂ ያንሡ፤ ጥቅሙን ማታ ያዩታል።

2. ትንበያውን ሰዓት በሰዓት ያንብቡ

«ዛሬ ይዘንባል» የሚለው ዜና ብቻውን አይረባዎትም። ሜት ኦፊስ የሚባለው የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ትንበያውን በየሰዓቱ ከፋፍሎ ስለሚያወጣ፣ ዝናቡ የሚጠነክርበትን፣ ነፋስ የሚጨመርበትንና ጋብ የሚልበትን ሰዓት ለይተው ይያዙ። በእግር የሚያስኬደውን ጉዞ ጋብ በሚልበት ሰዓት ላይ ያድርጉት። ከፍታ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየትን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ለንደን አይ የሚባለው ትልቁ ተሽከርካሪም ሆነ የረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሰገነት ደመና በተጫነው ቀን የሚያሳየው ግራጫ መስታወትና ጠብታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ ያስከፍላል።

3. የትራንስፖርት ክፍያን አስቀድመው ያመቻቹ

የለንደን አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ መቀበል ያቆሙት ከ2014 ጀምሮ ነው። ሳያስገቡ በማስነካት ብቻ የሚያስከፍል የባንክ ካርድ ካለዎት እርሱው ይበቃል፤ ከሌለዎት ኦይስተር የተባለውን ካርድ ከጣቢያ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉበት። በምድር ውስጥ ባቡር ሲገቡም ሲወጡም፣ በአውቶቡስ ግን ሲገቡ ብቻ ያስነኩ። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ካርድ መጠቀም አለብዎት፤ የቀን ክፍያው ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳያልፍ ተደርጎ የሚታሰበው በአንድ ካርድ ላይ ነውና። ጠዋት በካርድ፣ ከሰዓት በኋላ በስልክ የሚከፍል ሰው እንደ ሁለት ተሳፋሪ ይቆጠርበታል። በአውቶቡስ ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይሩ ተጨማሪ አይጠየቁም፤ ይህ በዝናብ ቀን ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ፌርማታ እንኳ ቢሆን ያለ ሐሳብ ተሳፍሮ መውረድ ይቻላል።

4. አንድ ሰፈር ብቻ ይምረጡ፤ ለመጀመሪያው ቀን ሳውዝ ኬንሲንግተን ይሁን

በፀሐያማ ቀን አራት ሰፈር የሚያዳርስ ጎብኚ በዝናብ ቀንም ያንኑ ሲሞክር ጊዜውን በፌርማታና በመሻገሪያ ላይ ያጠፋዋል። ለዝናብ ከሁሉ የሚመቸው ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው፤ ሦስት ታላላቅ ሙዚየሞች ጎን ለጎን ይገኙበታል፤ የሦስቱም ቋሚ ትርኢት መግቢያ ነፃ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ከመንገዱ ሥር ለሥር ወደ ሙዚየሞቹ የሚወስደው የእግረኛ ዋሻ ነው። በ1885 የተከፈተው ይህ ዋሻ ከአራት መቶ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ሸክላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሙዚቀኛ ቆሞ ሲጫወትበት ድምፁ ከወዲያኛው ጫፍ ይሰማል። ከባቡሩ ወርደው «ሙዚየሞች» የሚለውን ምልክት ይከተሉ እንጂ ከሕዝቡ ጋር ወደ መንገዱ አይውጡ፤ በላይኛው መንገድ ጃንጥላ ለጃንጥላ እየተጋጩ ከሚሄዱት ሰዎች ሥር በደረቅ እግር ያልፋሉ።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ በደንብ ይዩ፤ ጊዜ ከተረፈ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ልጆች የያዘ ሰው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን መምረጡ አይቀርም። በ1881 የተከፈተው ይህ ሕንፃ ራሱ ካቴድራል ይመስላል፤ በዋናው አዳራሽ ጣራ ላይ የተንጠለጠለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም 25 ሜትር ይረዝማል። ችግሩ የለንደን ቤተሰብ ሁሉ በዝናብ ቀን የሚያስበው ያንኑ መሆኑ ነው፤ በተለይ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ወረፋው ውጭ ዝናብ ላይ ስለሚያቆም፣ በነፃ የሚሰጠውን የመግቢያ ትኬት ከቀኑ በፊት በኢንተርኔት ያስይዙና በ10:00 በሩ ላይ ይገኙ።

ያለ ልጅ ለመጣ ሰው የምመርጥለት ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየምን ነው፤ ዋሻው ወደዚህ ሙዚየም በቀጥታ የሚያስገባ በር አለው። አርብ እስከ 22:00፣ በሌሎቹ ቀናት እስከ 17:45 ክፍት ነው። እንደገቡ በመጀመሪያ ካፖርትና ጃንጥላዎን በዕቃ ማስቀመጫው ያስረክቡ፤ እጅዎ ባዶ ሲሆን ዐይንዎ ይሠራል። ቀጥሎ የቅርጽ ግልባጮች የቆሙበትን አዳራሽ ይዩ፤ የሮሙ የትራያን ዐምድ ሙሉ ግልባጭ ቁመቱ ከጣራው በልጦ ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል።

ከዚያ የእስልምና ጥበብ ክፍል ውስጥ ወዳለው የአርደቢል ምንጣፍ ይሂዱ። በ1539 እና 1540 ገደማ በኢራን የተሠራው ይህ ምንጣፍ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በወለሉ ላይ በመስታወት ታጥሮ ተዘርግቷል። ቀለሙ እንዳይለቅ ሲባል መብራቱ በየሰዓቱና በየግማሽ ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይበራበታል። ስለዚህ ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለው ደርሰው በድንግዝግዙ ይጠብቁ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መብራቱ ቀስ እያለ ሲጨመር ወሬውን ያቆማል፤ ጨለማ ውስጥ ጥቁር መስሎ የነበረው የምንጣፉ መደብ ድቅድቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ አበባዎቹ በላዩ የተበተኑ መስለው ይወጣሉ። የቸኮለ ጎብኚ መብራቱ በጠፋበት ደርሶ «የጨለመ ምንጣፍ» አይቶ ያልፋል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህ ሙዚየም ሌላም ጉዳይ አለው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በዚህ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። የትኛው ዕቃ በየትኛው ክፍል ለእይታ እንደቀረበ ስለሚለዋወጥ፣ ከመሄድዎ በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ «መቅደላ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፈው ይፈልጉ። እኔ በበኩሌ ይህን ጉብኝት በመጨረሻ ላይ አላደርገውም፤ ልብን የሚያከብድ ነገር ስለሆነ ከኋላው ሻይ ያስፈልገዋል።

ሻዩንም ወደ ውጭ ወጥተው አይፈልጉት። በዓለም ላይ ምግብ ቤት ለመክፈት የመጀመሪያው የሆነው ሙዚየም ይኸው ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ሦስቱ የመመገቢያ ክፍሎች ዛሬም ያገለግላሉ። በሸክላ ካጌጠው መካከለኛ ክፍል ቦታ ለማግኘት ከ12:00 በፊት ወይም ከ14:30 በኋላ ይምጡ፤ በመካከሉ ያለው ሰዓት ትሪ ይዞ መንከራተት ነው።

5. ሰፈር ሲቀይሩ በአውቶቡስ ፎቅ ይሂዱ

ዝናቡ ጋብ በሚልበት ሰዓት ኤግዚቢሽን ሮድ በተባለው መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ሰሜን ቢራመዱ ሮያል አልበርት ሆልን ያገኛሉ። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው ቁጥር 9 አውቶቡስ ይሳፈሩና በቀጥታ ወደ ፎቁ ይውጡ። ከሁሉ የሚፈለገው ቦታ ከፊት ያለው ወንበር ነው፤ ቢያዝ እንኳ ሁለት ፌርማታ ይታገሡ፤ ይለቀቃል። መስታወቱን የተሳፋሪው ትንፋሽ ስለሚሸፍነው በሶፍት ወይም በእጅጌዎ አንድ ክብ ጠርገው ይያዙ። የሃይድ ፓርክ ዛፎች ቅርንጫፍ የአውቶቡሱን ጣራ ሲገርፍ፣ ከታች ጥቁርና ቀይ ጃንጥላዎች እንደ እንጉዳይ ሲገፋፉ፣ የታክሲዎቹ መብራት በረጠበው አስፋልት ላይ ሲዘረጋ ያያሉ። ለቱሪስት ተብሎ የተዘጋጀው ክፍት አውቶቡስ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ጣራ የለውም።

መንገድዎን ለማቋረጥ ከፈለጉ ግሪን ፓርክ ወርደው ፒካዲሊ ላይ ወደሚገኘው በርሊንግተን አርኬድ ይግቡ። በ1819 የተከፈተ፣ ጣራው መስታወት የሆነ ረጅም የሱቆች መተላለፊያ ነው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ማየት ግን በነፃ ነው። ባለ ረጅም ባርኔጣ ዘበኞቹ የሚያስከብሩት የጥንት ደንብ ማፏጨትን፣ መሮጥን፣ ጃንጥላ መዘርጋትንም ይከለክላል።

6. ማምሻውን በትራፋልጋር አደባባይና በጸሎት ቤት ያሳልፉ

ቁጥር 9 ትራፋልጋር አደባባይ ያደርስዎታል። በፊት ለፊት የሚታየው ናሽናል ጋለሪ ነፃ ነው፤ አርብ እስከ 21:00 ይቆያል። ስዕሎቹ ከሁለት ሺህ ስለሚበልጡ ሁሉን ለማዳረስ አይሞክሩ፤ ለዚህ ቀን የሚስማማውን የተርነርን ሥራ ጠይቀው ይሂዱ። «ዝናብ፣ እንፋሎትና ፍጥነት» የሚል ርዕስ ያለው ይህ የ1844 ስዕል በዝናብ ውስጥ ድልድይ የሚሻገር ባቡር ያሳያል፤ ከባቡሩ ፊት በሐዲዱ ላይ የምትሮጥ ጥንቸል አለች፤ ቀለሟ ስለደበዘዘ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። አገሩ ያንን ዝናብ እንዴት እንደሚያየው ለመረዳት፣ ከመስኮት ከማየት ይልቅ እዚህ ስዕል ፊት አምስት ደቂቃ መቆም ይሻላል።

ከአደባባዩ ዳር ባለው ሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ካፌ አለ፤ ጣራው የጥንት የጡብ ቅስት፣ ወለሉም የመቃብር ድንጋይ ነው። ሾርባው ትኩስ ነው፤ ዋጋውም ለአካባቢው መጠነኛ ነው። መቃብር ላይ ተቀምጦ መብላት የሚከብደው ሰው ግን ይለፈው፤ የምቀርበው አንድ ወዳጄ በሩ ላይ ሆኖ አይቶ ተመልሷል።

ከዚያ በቁጥር 15 አውቶቡስ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል መሄድ ይቻላል። ካቴድራሉን እንደ ቱሪስት ለመጎብኘት ክፍያ ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ17:00 በሚጀመረው የሠርክ ጸሎት ላይ ለመገኘት ግን ምንም አይከፈልም። ቀኑንና ሰዓቱን በድረ ገጹ አረጋግጠው ሩብ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ስልክዎን ያጥፉ፣ ፎቶም አያንሡ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ድምፁ ወደ ጉልላቱ ወጥቶ ዘግይቶ ይመለሳል። ሥርዓቱ የእኛ ባይሆንም፣ ሠርክ ጸሎት ያስቀደሰ ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

7. ሁለተኛ ዝናባማ ቀን ከመጣ፦ ብሉምስበሪና ኪንግስ ክሮስ

እዚህ የሚጀመረው ከብሪቲሽ ሙዚየም ነው። መግቢያው ነፃ ሆኖ በ10:00 ይከፈታል፤ በ17:00፣ አርብ ግን በ20:30 ይዘጋል። በዋናው በር ያለው የፍተሻ ወረፋ ከረዘመ ዞረው በሰሜን በኩል ሞንታጉ ፕሌስ ያለውን በር ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይቀልላል። በመካከል ያለው ግቢ በ2000 በመስታወት ጣራ ተሸፍኗል፤ መስታወቶቹ 3312 ሲሆኑ ሁለት እኩል የሆኑ የሉም። ከሥሩ ወንበር ይዘው ቀና ቢሉ ደመናው ሲጓዝ፣ ውኃውም በጣራው ጎባጣ ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ከመቅደላ የተወሰዱ አሥራ አንድ ታቦታትም በዚህ ሙዚየም ይዞታ ሥር አሉ፤ ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ይጠበቃሉ። ፈልገው እንዳይደክሙ አስቀድመው ይወቁት።

ከሙዚየሙ ወደ ደቡብ ጥቂት ቢሄዱ በኒው ኦክስፎርድ ጎዳና በ1830 የተመሠረተውን የጄምስ ስሚዝ ጃንጥላ መደብር ያገኛሉ። ባይገዙም መስኮቱን ይዩት፤ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ጋር ያለውን ልዩነት የእጀታዎቹ እንጨት ብቻ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ በኪንግስ ክሮስ አጠገብ ወዳለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ይሂዱ። ከዋናዎቹ ቅርሶቹ የ1215 የማግና ካርታ ቅጂና የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ በነፃ በሚጎበኝ አንድ ክፍል ይታያሉ። የመቅደላ የብራና መጻሕፍትም፣ 350 ገደማ የሚሆኑት፣ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በክፍሉ ለእይታ የሚቀርበው ግን ከስብስቡ እጅግ ጥቂቱ ነው። ለጥናት የመጣ ሰው የአንባቢነት ካርድ በነፃ ማውጣት ስለሚችል፣ አስፈላጊውን የመታወቂያና የአድራሻ ማረጋገጫ ከቤት ይዞ ይምጣ። ብዙ ወንበሮች ስላሉት፣ ለመጎብኘት ለደከመ ሰውም ጥሩ መጠለያ ነው።

ሲመሽ ከኪንግስ ክሮስ ወደ ሰሜን በሚወስደው በካሌዶኒያን ጎዳና የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። በዚያ ብርድ ላይ እየተንፈቀፈቀ የሚቀርብ ሽሮ የሚሰጠውን ደስታ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ቅዳሜ ማታ ግን ቦታ ስለሚጠብ አስቀድመው ይደውሉ።

8. ማታ ጫማዎን ያድርቁ

ሆቴል ሲደርሱ የጫማውን ማሰሪያ ፈትተው ውስጡን ያውጡ፤ ጠዋት ያነሡትን ሜትሮ ጋዜጣ ገጽ በገጽ ጨብጠው እስከ ጫፉ ድረስ ይጠቅጥቁበት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የረጠበውን ወረቀት አውጥተው በደረቁ ይተኩት። ማሞቂያው ላይ ግን አያስቀምጡት፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ጃንጥላውን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ዘርግተው ይተዉት፤ ጨርቁ ታጥፎ ካደረ ይሸታል። ካልሲውን ደግሞ በማሞቂያው ላይ ያለ ሥጋት ያስጡት፤ እርሱ እስከ ጠዋት ይደርቃል።